ቤሳ፦ የአልባኒያ ሙስሊሞች አይሁዳውያንን የሸሸጉበት ቃል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚ ጀርመን በያዛቸው አገሮች የአይሁዳውያን ቁጥር የሚሄደው ወደ ታች ነበር። በፖላንድ ሦስት ሚሊዮን ያህል ተገደሉ። ከግሪኳ ተሰሎንቄ ብቻ ከ40,000 የሚበልጡ ሰዎች በጭነት ባቡር ታጭቀው ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ተወሰዱ። ከግሪክ ጋር የምትዋሰነው አልባኒያ ግን ሂሳቡን ገለበጠችው። በ1930 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ የተገኙት አይሁዳውያን 204 ነበሩ። ጀርመኖች በ1944 መገባደጃ ለቀው ሲወጡ ቁጥራቸው ከዚያ በብዙ እጥፍ በልጦ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአልባኒያ ሕዝብ በጊዜው ስምንት መቶ ሺህ ገደማ ሲሆን ከመቶው ሰባ ያህሉ ሙስሊም ነበር። ታሪኩን የሚሰሙ ሰዎችም ቶሎ ብለው ለሁለት ይከፈላሉ። “ሃይማኖታቸው ነው ያዳናቸው” የሚሉ አሉ፤ “አይ፣ ባህላቸው ነው” የሚሉም አሉ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ለየብቻ ሲቆሙ ግን አንዱም አያዛልቅም። ነገሩ ከቃል፣ ከወረቀት፣ ከተራራና ከፖለቲካ የተገመደ ስለሆነ ክሩን አንድ በአንድ መፍታት ይሻላል።

ከቃሉ እንጀምር። አልባኒያውያን ቤሳ ይሉታል። በእኛ ዘንድ ቤሳ የገንዘብ ሁሉ መጨረሻ ናት፤ “ቤሳ ቤስቲን የለኝም” ያለ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። እዚያ ግን ቤሳ የሌለው ሰው ከድሃም ያነሰ፣ ሰው የማይባል ነው። ቃሉ እምነትም፣ የተሰጠ ቃልም፣ መሐላም ይሆናል። በአንድ የአማርኛ ቃል ተካው ብባል አደራን እመርጣለሁ፤ ቤሳ የሌለው የሚባለውም እኛ አደራ በላ የምንለው ዓይነት ሰው ነው።

ይህ ልማድ በተለይ በሰሜኑ ተራሮች ለዘመናት በቃል ሲወርድ የኖረ ሙሉ ሕግ አለው፤ ካኑን ይባላል። ሰብስበው በጽሑፍ ያኖሩት ሽትየፈን ጄቾቪ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ሲሆኑ በመጽሐፍ የታተመው በ1933 ነው። የአልባኒያዊ ቤት የእግዚአብሔርና የእንግዳ ነው ይላል ካኑኑ። መሽቶበት ደጅ ላይ ቆሞ “የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ” የሚልን መንገደኛ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአልባኒያው ሕግ ግን ከማሳደር አልፎ ይሄዳል። በአባት ወይም በወንድም ላይ የተፈጸመ በደል ይቅር ሊባል ይችላል፤ በእንግዳ ላይ የተፈጸመ ግን ይቅርታ የለውም። በጣሪያህ ሥር ያለ እንግዳ ጉዳት ቢደርስበት የደሙ ዕዳ በአንተ ላይ ነው። እንግዳውን አሳልፎ የሰጠ ሰው በመንደሩ ከሞተ ይቆጠራል፤ ልጆቹም ስሙን ተሸክመው ይኖራሉ። እንግዲህ ቤሳን ደግነት ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሰዋል። ደግ ሰው ሊፈራ ይችላል፤ ይሉኝታው ከጥይት የከበደበት ሰው ግን ሌላ ነው።

ወደ አገሪቱ የገቡት ስደተኞች ከየት መጡ? ሂትለር በ1933 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሸሹ ነበሩ፤ ብዙ አገሮች በራቸውን ሲዘጉ አልባኒያ ቪዛ ትሰጥ ነበር። በሚያዝያ 1939 ፋሺስት ጣልያን አልባኒያን ወረረች። ከሦስት ዓመት በፊት “የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት” የሚል ማዕረግ በራሱ ላይ የደረበው ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ፣ አሁን ደግሞ የአልባኒያ ንጉሥ ነኝ አለ። ጣልያን በ1938 ፀረ አይሁድ የዘር ሕግ ብታወጣም እንደ ጀርመን ለመግደል አሳልፋ አትሰጥም ነበርና፣ በ1941 ጀርመን ዩጎዝላቪያን ስትወር ብዙዎች ጣልያን ወደያዘችው ወገን ሸሹ። የስደተኞቹ ቁጥር በግምት ከ600 እስከ 1,800 ይደርሳል። ከዚያ በመስከረም 1943 ጣልያን እጇን ሰጠች። ጀርመኖች ገቡ።

አንድ ቤት ውስጥ

ሞሼ ማንዲል በዩጎዝላቪያ በኖቪ ሳድ ከተማ የፎቶግራፍ ቤት የነበረው አይሁዳዊ ነው። በ1941 ሚስቱን፣ ወንድ ልጁን ጋቭራንና ሴት ልጁን ኢሬናን ይዞ ጣልያን ወደያዘችው ወደ ኮሶቮ ሸሸ። እዚያ ጣልያኖች ከሌሎች ስደተኞች ጋር ካሰሯቸው በኋላ ወደ አልባኒያ አዛወሯቸው። ጀርመኖች ሲመጡ ማንዲል ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ቲራና ሄዶ፣ በሚያውቀው ሙያ በአንድ ፎቶ ቤት ሥራ አገኘ። በዚያው ፎቶ ቤት ሙያ የሚማር ረፊቅ ቬሰሊ የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሙስሊም ወጣት ነበር።

የረፊቅ ወላጆች፣ ቬሰልና ፋጢማ፣ የሚኖሩት ከቲራና በስተሰሜን በተራራ ላይ ባለችው ክሩያ ነው። በቲራና ፍተሻው ሲበረታ ልጁ ወላጆቹን አስፈቀደና የማንዲልን ቤተሰብ ይዞ ወጣ። በበቅሎ፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ቀን ዋሻ ውስጥ እየተደበቁ ነበር የሄዱት። ክሩያ ሲደርሱ ወላጆቹና ልጆቹ ተለያዩ፤ የተለያዩት ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሞሼና ሚስቱ ከበረቱ በላይ ባለች ክፍል ቀን ቀን ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀመጣሉ። ልጆቹ እንደ ክሩያ ልጆች ለብሰው፣ የሙስሊም ስም ይዘው፣ ከቬሰሊ ልጆች ጋር ይሯሯጣሉ።

ይህ አደራደር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ልጅ ለዘጠኝ ወር፣ ለዓመት ክፍል ውስጥ ዝም በል ቢባል አይችልም፤ ማልቀሱ ወይም መሳቁ አይቀርም። ደጅ ያለ ልጅ ግን ከሌሎቹ ልጆች አይለይም። ወላጅ ደግሞ የቋንቋው ዘዬ ያጋልጠዋል። ስለዚህ የሚደበቀው ትልቁ ነው፤ ትንሹ በፀሐይ ብርሃን ይሸሸጋል። ችግሩ ይህ ዘዴ የሚሠራው መንደሩ ሁሉ ዝም ካለ ብቻ መሆኑ ነው። ትላንት ያልነበሩ ሁለት ልጆች ዛሬ በአንድ ግቢ መታየታቸውን የማያውቅ ጎረቤት በየትኛውም አገር የለም።

ብዙ ሳይቆይ የረፊቅ ወንድም ጀማል ሌላ የአይሁዳውያን ቤተሰብ ከቲራና አመጣ። ሁለቱም ቤተሰቦች አገሪቱ ነፃ እስክትወጣ፣ እስከ ኅዳር 1944 ድረስ በዚያው ቆዩ። ከጦርነቱ በኋላ ማንዲል ወደ ኖቪ ሳድ ተመልሶ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ረፊቅን አስጠራው። ወጣቱም ሄዶ የጀመረውን ሙያ ከእርሱ ዘንድ ጨረሰ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ክፍል ነው፤ የተቋረጠው ትምህርት ከቆመበት ቀጠለ።

በሌላ ወገን፣ ሸንጄርጅ በምትባል የተራራ መንደር በ1943 የረመዳን ወር አሥራ ሰባት ሰዎች ከቲራና ሸሽተው ደረሱ። የመንደሯ ስም ትርጉሙ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ነዋሪዎቿ ግን ሙስሊሞች ነበሩ። እንግዶቹን ተከፋፈሏቸው። ደስታንና ሊሜ ባላ የሚባሉ ባልና ሚስት ሦስት ወንድማማቾችን ወሰዱ። ቤቱ የምግብ ጠረጴዛ እንኳን የሌለው የድሃ ቤት ቢሆንም ለምግብም ለማደሪያም ክፍያ አልተቀበሉም። ወንድማማቾቹን የገበሬ ልብስ አለበሷቸው። ሊሜ በኋላ እንደተናገሩት የአካባቢው ፖሊስ ሳይቀር ነገሩን ያውቅ ነበር።

ወረቀትና ቢሮ

ፖሊሱ እያወቀ ዝም ያለው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክር ይህ ነው። አይሁዳውያንን ለመግደል መጀመሪያ ማን የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌሎች አገሮች ናዚዎች ይህን ያገኙት ከመዝገብ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከፖሊስ፣ ከማኅበር ዝርዝር። በአልባኒያ ዝርዝሩን ጠየቁ፤ አልተሰጣቸውም። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ለብዙ ቤተሰቦች የሙስሊምና የክርስቲያን ስም ያለበት የሐሰት መታወቂያ ይሰጡ ነበር።

እምቢታው የሚያስደንቀው ከማን እንደመጣ ሲታይ ነው። ዝርዝሩን ያልሰጠው ራሱ ከጀርመን ጋር ያበረ መንግሥት ነው። ጀርመን አልባኒያን የያዘችው ኃይል ላለማባከን ስትል “ነፃና ገለልተኛ አገር ናት” ብላ ነበርና፣ የቲራና ባለሥልጣናት ያንኑ ቃል መልሰው ዘረጉላት፦ የዜጎቻችን ጉዳይ የውስጥ ጉዳያችን ነው። በ1944 ጸደይ ሁለት የአይሁድ ማኅበረሰብ ተወካዮች ስለ ዝርዝሩ ሰምተው ወደ መሕዲ ፍራሸሪ ሄዱ። ፍራሸሪ ቤክታሺ የሚባለው የእስልምና ሱፊ ሥርዓት ተከታይና በወቅቱ አገሪቱን ከሚመሩት አንዱ ነበሩ። እርሳቸውም ወደ አገር ውስጥ ሚኒስትሩ ወደ ጃፈር ዴቫ ላኳቸው። ዴቫ ዝርዝሩን አልሰጥም አለ። ይኸው ዴቫ ግን በዚያው ዓመት በየካቲት በቲራና የተቃዋሚዎች ጭፍጨፋ ስሙ የሚነሣ ሰው ነው። አንድ ሰው የአገሩን ልጆች እያስገደለ እንግዳዬን አልሰጥም ሊል ይችላል። ይህን ሰው ጻድቅ ማለት አይቻልም፤ በዚያች ቀን ያደረገውን እምቢታ መካድም አይቻልም።

ተራራውም አለ። መንገድ የሌለባቸው መንደሮች፣ በየጫካው ያሉ ፓርቲዛን የተባሉ የደፈጣ ተዋጊዎች፣ በቁጥር ያነሰ የጀርመን ጦር። የሚፈለጉት አይሁዳውያን ጥቂት ሺህ እንኳን አይሞሉም፤ ለእነርሱ ብሎ ተራራ መውጣት ለጀርመን አዛዦች የሚያዋጣ አልነበረም። የሸሸጓቸው ሰዎች ግን ይህን ስሌት አያውቁትም። እነርሱ የሚያውቁት በሩ ከተንኳኳ ቤታቸው እንደሚቃጠል ነው።

አደጋው የወረቀት ላይ አደጋ እንዳልነበረ የፑካው ባለሱቅ ታሪክ ያሳያል። አሊ ፓሽካይ በሰሜን አልባኒያ ምግብና ሸቀጥ የሚሸጡ፣ ጀርመንኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሙስሊም ነበሩ። አንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ አልባኒያውያን እስረኞችንና ሊረሸን የተወሰነበትን አንድ ወጣት አይሁዳዊ የጫነ የጀርመን መኪና በሱቁ በኩል አለፈ። ባለሱቁ ወታደሮቹን ወደ ውስጥ ጋበዙ። ምግብ አቀረቡ፣ ወይን ቀዱ፣ እንደገና ቀዱ። ወታደሮቹ ሲሰክሩ ለእስረኛው ሐብሐብ ሰጡት፤ ሐብሐቡ ውስጥ ወረቀት ነበረች። ከመኪናው ዘልለህ ወደ ጫካው ሩጥ፣ እዚህ ቦታ ጠብቀኝ የሚል ነው የተጻፈባት። ወጣቱ አመለጠ። ጀርመኖቹ ባለሱቁን መንደር ወስደው ግድግዳ አስደግፈው አራት ጊዜ መሣሪያ ራሳቸው ላይ ደገኑባቸው፤ መንደሩን እናቃጥላለን አሉ። አላውቅም ብለው ጸኑ። ወታደሮቹ ሲሄዱ ወጣቱን ከጫካ አምጥተው ጦርነቱ እስኪያበቃ በቤታቸው ሸሸጉት። ያ ልጅ በኋላ ሜክሲኮ ገብቶ የጥርስ ሐኪም ሆነ።

ሃይማኖቱስ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ቤሳና እስልምና ብቻቸውን በቂ ቢሆኑ ኖሮ ኮሶቮ ላይ ሌላ ነገር ባልተፈጸመ ነበር። በኮሶቮም አልባኒያውያን አሉ፤ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ ቤሳም ያውቃሉ። በግንቦት 1944 ግን ከአልባኒያውያን የተመለመለው ስካንደርበግ የተባለ የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) ክፍለ ጦር በኮሶቮዋ ከተማ በፕሪሽቲና 281 አይሁዳውያንን ያዘ። ወደ በርገን ቤልሰን ማጎሪያ ተላኩ፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ልዩነቱን ያመጣው ፖለቲካው ነው። በኮሶቮ ለሚኖር ብዙ አልባኒያዊ ጀርመን ከሰርቦች አገዛዝ ያላቀቀ ኃይል መስሎ ይታይ ነበር፤ ውለታ ያለበት ሰው ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ይህን ሳያነሡ የአልባኒያን ታሪክ ብቻ መተረክ ደስ የሚል ግማሽ እውነት ነው። በኮሶቮም ቢሆን አይሁዳውያንን የሸሸጉ፣ ወደ አልባኒያ ያሻገሩ ሰዎች አልጠፉም።

ቦስኒያም ያው ነው። ኢየሩሳሌም ላይ ሙፍቲ የነበሩት አሚን አል-ሑሰይኒ ሙስሊሞችን ለናዚ ጦር በሚመለምሉበት ዘመን፣ በሳራዬቮ ሙስጠፋና ዘይነባ ሐርዳጋ ቤቱ በቦምብ የፈረሰበትን የዮሴፍ ካቢሊዮን ቤተሰብ ቤታቸው አስገብተው ነበር፤ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ የጌስታፖ፣ ቢሮ ከቤቱ ፊት ለፊት ነበር። የዘይነባ አባት ሌላ የአይሁድ ቤተሰብ በመርዳታቸው በያሴኖቫች ማጎሪያ ተገደሉ። ሳራዬቮ በ1990ዎቹ በተከበበች ጊዜ የዳኑት ሰዎች ዘይነባን አስታወሱ፤ በ1994 ከነቤተሰባቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰዱ።

ታዲያ ሃይማኖቱ ምንም አልሠራም ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደምም የሸሸጉትን ሰዎች ምስክርነት መናቅ ይሆናል። ብዙዎቹ ሲጠየቁ የሚመልሱት በሃይማኖት ቋንቋ ነው፤ ጀነትን ያነሣሉ፣ የአላህ ፍጡር ነው ይላሉ። በቁርኣን ሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 32 አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ ሰዎችን ሁሉ ሕያው እንዳደረገ ይቆጠራል የሚል ቃል አለ፤ አንቀጹ የሚጀምረውም ይህ በእስራኤል ልጆች ላይ እንደተጻፈ በመናገር ነው። ተመሳሳይ ቃል ታልሙድ በሚባለው የአይሁዶች የሃይማኖት ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ኢየሩሳሌም ያለው የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ የፈጸሙት እልቂት) መታሰቢያ፣ ያድ ቫሼም፣ ለአዳኞች በሚሰጠው ሜዳሊያ ላይ የተቀረጸው ይኸው የታልሙድ ቃል ነው። የቬሰሊ ቤተሰብ ሜዳሊያውን ሲቀበል ከራሱ መጽሐፍ የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ነው የተቀበለው።

እንደ እኔ ሰዎቹ ራሳቸው ሃይማኖትንና ቤሳን አይለያዩም። ለመለያየት የሚቸገረው ከውጭ የሚመለከተው ነው። አንድ የገጠር ሰው እንግዳ የሚቀበለው ክርስቲያን ስለሆነ ነው ወይስ ባህሉ ስለሆነ ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ መልሱ “እንዴት እንግዳ ይመለሳል?” ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ታሪኩ ለአርባ ዓመት ያህል ያልተሰማበት ምክንያት አለው። ከጦርነቱ በኋላ ሥልጣን የያዘው የኤንቨር ሆጃ ኮሙኒስት መንግሥት ድንበሩን ዘጋ። በ1967 ሃይማኖትን ጨርሶ ከለከለ፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ። ከውጭ አገር ደብዳቤ መቀበል የሚያስጠረጥር ነበር። ያድ ቫሼም ደግሞ “ከአሕዛብ መካከል ጻድቅ” የሚለውን ማዕረግ የሚሰጠው በማስረጃ ነው፦ አዳኙ አይሁዳዊ ያልሆነ፣ ራሱን ለአደጋ ያጋለጠ፣ ክፍያን ቅድመ ሁኔታ ያላደረገ መሆኑ መመስከር አለበት፤ ከሁሉ በላይ የዳነው ሰው ምስክርነት ይፈለጋል። በተዘጋ አገር ያለ አዳኝና እስራኤል ያለ ምስክር እንዴት ይገናኙ? ጋቭራ ማንዲል በ1987 ለያድ ቫሼም የጻፈው ደብዳቤ በሩን ከፈተ፤ ቬሰሊዎች ከአልባኒያ ማዕረጉን ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። የሸንጄርጆቹ ባላዎች ከሸሸጓቸው ወንድማማቾች ወሬ የሰሙት በ1990፣ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ነው። እስካሁን ከአልባኒያ የታወቁት 75 ያህል ናቸው፤ ከመካከላቸው ክርስቲያኖችም አሉ። በዓለም ዙሪያ ከተመዘገቡት ከ28,000 በላይ ሰዎች አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ግን ስለ አዳኞቹ ሳይሆን ስለ ተዘጋው ድንበር ይናገራል።

ለዓመታት በተዘጋው አገር ውስጥ ከተጠበቁት ነገሮች መካከል ሦስት መጻሕፍት ይገኙበታል። ሪፋት ሆጃ የሚባሉ ሙስሊም ከቡልጋሪያ የመጣ የአይሁድ ቤተሰብ ሸሽገው ነበር። ቤተሰቡ ሲሄድ በዕብራይስጥ የተጻፉ፣ በጥሩ ጥራዝ የተጠረዙ መጻሕፍቱን ተመልሼ እስክወስዳቸው ብሎ ትቶላቸው ሄደ። አልተመለሰም። የሃይማኖት መጽሐፍ ቤት ማስቀመጥ ወንጀል በሆነበት ዘመን መጻሕፍቱ ከቤቱ አልወጡም። አባት ሲሞቱ ልጃቸው ረጀፕ ወረሳቸው፤ ከመጻሕፍቱ ጋር የአባቱንም ቤሳ ወረሰ። ማንበብ የማይችላቸውን ሦስት መጻሕፍት ይዞ ባለቤቶቹን ፍለጋ ተነሣ።